ሸክላና ቅርጻ ቅርጽ የት ልማር? መጀመሪያ እሳቱ በማን እጅ እንደሆነ ጠይቁ

ሰሞኑን ሦስት ሰው አንድ ዓይነት ነገር ጠየቀኝ። አንዷ ዲቪ ደርሷት ሻንጣ እያዘጋጀች ነው። አንዱ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ቤተሰቦቹ አካውንቲንግ ግባ እያሉ ወጥረው ይዘውታል። ሦስተኛዋ እዚሁ ድሬዳዋ የሳቢያን ሰፈር ልጅ ናት፣ ቀን ሥራ፣ ማታ ሁለት ልጆች። የሦስቱም ጥያቄ ግን ያው ነው፦ ሸክላና ቅርጻ ቅርጽ መማር ፈልጌ ነበር፣ የት ይሻለኛል?

ለሦስቱም አንድ መልስ ብሰጥ ዋሸሁ ማለት ነው። ስለዚህ አማራጮቹን አንድ ላይ ልዘርግፋቸውና እያንዳንዱ የራሱን ያንሳ።

በቅድሚያ በቃሉ እንግባባ። ድሬ ላይ "ሴራሚክ እሠራለሁ" ስትሉ ሰው የሚታየው የመታጠቢያ ቤት ወለል ነው። አንድ የባጃጅ ሹፌር "ካሬውን በስንት ታነጥፊያለሽ?" ብሎኛል፣ ወላሂ። እዚህ ሸክላ ስል ከጭቃ ተሠርቶ በእሳት የተተኮሰውን ሁሉ ነው፤ ጀበናውም፣ ምጣዱም፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቀው ስኒም። ቅርጻ ቅርጽ ደግሞ ሰፋ ይላል፤ ጭቃ፣ ድንጋይ፣ እንጨት፣ ብረት፣ ጀሶ ሁሉ ይገባበታል። ድንጋይ ስትጠርቡ ትቀንሳላችሁ፣ ላሊበላን የፈለፈሉት ሰዎች ያደረጉት እሱን ነው። ጭቃ ላይ ግን ትጨምራላችሁ፣ ካልጣማችሁ ደፍጥጣችሁ እንደገና ትጀምራላችሁ። ለጀማሪ ጭቃ የሚሻለው ለዚህ ነው። ይቅር ባይ ነው፣ እሳት እስኪገባ ድረስ።

እሳት እስኪገባ ያልኩት በምክንያት ነው። የመጀመሪያ ሥራዬ ጅብ ነበር። ሐረር አድሬ ማታ ጅብ ሲመገብ አይቼ መጣሁና ጓሮ ውስጥ ተቀምጬ ከድፍን ጭቃ የድመት ያህል ጅብ ሠራሁ። ሦስት ቀን የድሬ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፣ ደርቋል ብዬ ፍም ውስጥ ቀበርኩት። ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ ጎረቤት ጎማ የፈነዳ መስሎት ወጣ። ጭንቅላቱን ቆርቆሮ አጥሩ ሥር ነው ያገኘሁት። የሆነው ነገር ቀላል ነው፤ ላዩ ደርቋል፣ ሆዱ ግን እርጥብ ነበር። ውኃ 100 ዲግሪ ሲደርስ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት መውጫ ሲያጣ ሥራችሁን ይዞ ይወጣል። የጭቃ ቅርጽ ውስጡ ተቦርቡሮ ግድግዳው ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ እንዲቀር የሚደረገው ለዚህ ነው። ማንም የሚያውቅ ሰው ይህን በአምስት ደቂቃ ይነግራችኋል። እኔ አልጠየቅኩም።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ቦታ ትምህርት አለ ሲሉኝ ቀድሜ የምጠይቀው ክፍያውን ወይም የወረቀቱን ዓይነት አይደለም። እሳቱ በማን እጅ ነው? ስንት ጊዜ ይተኮሳል? ሲፈነዳ አጠገቡ ትሆናላችሁ ወይስ በማግስቱ ይነገራችኋል? ጭቃ እርጥብ ሳለ ሁሉም ሰው ጎበዝ ነው።

እናቶቹ ዘንድ

ቀፊራ ገበያ ሸክላ ዘርግተው የሚሸጡትን እናቶች ታውቋቸዋላችሁ። ሐረርም ከጁገል በሮች ውጪ ባሉት ገበያዎች ታገኟቸዋላችሁ። ብዙዎቹ ከገጠር የሚመጡ የኦሮሞ እናቶች ናቸው። እኔን ያስተማሩኝ ከሐረር ወጣ ብሎ የሚኖሩ አንድ አዴ፣ በኦሮምኛ እናት ማለት ነው፣ ናቸው። ምዝገባ የለም፣ ደብተር የለም። ቡናና ስኳር ይዤ ሄድኩ፣ እሳቸው ደግሞ ሁለት ሳምንት አፈር አስወቀጡኝ። ጭቃ ሳልነካ ሁለት ሳምንት! ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው አንድ እፍኝ የሰጡኝ።

"አዴ፣ አሸዋው ምን ያህል ይግባ?" ስላቸው መልሳቸው "እስኪበቃው" ነው። መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር። በኋላ ገባኝ። ጭቃው እንደ ጉድጓዱ ይለያያል፣ ቁጥር ቢነግሩኝ ኖሮ ቁጥሩ ይሸውደኝ ነበር። እሳቸው ጭቃውን እንደ ጣት አድቦልቡለው ጣታቸው ላይ ይጠመዝዙታል። ከተሰነጣጠቀ አሸዋ በዝቷል። እጅ ላይ ሙጭጭ ካለ አንሷል። አለቀ።

ከሁሉ የወደድኩት ግን የገሉን ነገር ነው። የተሰበረ ጀበና እሳቸው ቤት አይጣልም። ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ አዲሱ ጭቃ ውስጥ ይገባል። ገል አንዴ እሳት አልፎበታል፣ እንደገና አይኮማተርም። ስለዚህ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል፣ ለእንፋሎቱ መውጫ ይከፍትለታል፣ ጀበናው ከሰል ላይ ሲጣድም ድንገተኛውን ሙቀት ያስችለዋል። ፈረንጆቹ ግሮግ ይሉታል፣ በከረጢት እየገዙ። እኛ ቤት ከማዕድ ቤት ጥግ ይለቀማል።

መንኮራኩርም የለም። ማድጋው ቆሞ እሳቸው ይዞሩታል፤ ጎንበስ ብለው፣ ወደ ኋላ እየተራመዱ፣ በግራ እጅ ከውስጥ ደግፈው በቀኝ ከውጪ እየሳቡ። ሲጠነክር በለስላሳ ጠጠር ያሹታል። ወገቤን አንድ ወር አሞኛል።

እሳቱ የሚያልቀው ግማሽ ቀን ባልሞላ ጊዜ ነው። ዕቃው መጀመሪያ እሳት ዳር ተደፍቶ ይሞቃል፣ ቀስ እያለ፣ የቀረችው እርጥበት እንድትወጣ። ከዚያ ኩበት፣ ጭራሮ፣ ገለባ ይከመርበታል። ክፍት እሳት እንደ ነዳጁና እንደ ነፋሱ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ይደርሳል። ነፋስ ከተነሳ በአንድ ጎኑ ይሰነጠቃል፣ ያኔ አዴ ቀና ብለው ሰማዩን ያዩና "ዛሬ ለገል ነው የሠራነው" ይላሉ። በአንድ በጋ ከሃያ ጊዜ በላይ አብሬያቸው ተኩሻለሁ። ይህን ያህል እሳት የሚሰጣችሁ ሌላ ትምህርት ቤት በበኩሌ አላየሁም።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። ግሌዝ የለም፣ ማለትም ያ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቀው ልባስ። ዕቃው ውኃ ያሰርጋል (እንስራ ውኃ የሚያቀዘቅዘውም በዚሁ ነው፣ ለድሬ ፀጋ ነው)። የሰው ፊት መቅረጽ አይማሩበትም። እሳቸው የሚሠሩት የሚሸጥላቸውን ነው፤ ጅብ ልሥራ ስላቸው ስቀው አላባሩም። ወረቀት የሚባል ነገርም የለም። አፋን ኦሮሞ የማይችል ደግሞ ግማሹ ያመልጠዋል፣ ወሬው ውስጥ ነውና ትምህርቱ ያለው።

ሌላው ንቀቱ ነው። ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ ሲባል አፍንጫውን የሚነፋ ዛሬም አለ። ምኒልክ ባለእጅን የሚሳደብ እንዲቀጣ ያወጁት በ1900 ዓ.ም. ነው፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፣ የእኔ ዘመዶች ግን አዋጁ ገና አልደረሳቸውም። "ይህን ሁሉ ተምረሽ ሸክላ?" ትባላላችሁ። ተዘጋጁ።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ በተለይ ለዲቪዋ ልጅ

ይህን ክፍል አስረዝመዋለሁ፣ ምክንያቱም እዚህ ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ነው። የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምራለች፣ ከሥራ በኋላ ማታ ማታ፣ እኔም በስልክ አብሬያት የተማርኩ ያህል ነው።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የአሜሪካ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ነው። በሕዝብ ከሚተዳደሩት ውስጥ አንጋፋው ኢሊኖይ፣ ጆሊየት ከተማ ያለው ነው፤ የተከፈተው በ1901 እ.ኤ.አ.። ድሬዳዋን ባቡሩ የቆረቆራት በ1902 እ.ኤ.አ. ስለሆነ በአንድ ዓመት ይበልጠናል። ትልቁ ነገር በሩ ክፍት መሆኑ ነው። የሥዕል ፈተና የለም፣ የሥራ ናሙና አምጡ የሚል የለም። የአክስቴ ልጅ ክፍል ውስጥ ጡረታ የወጣ አናጺ፣ አንዲት ነርስ፣ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅና እሷ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። ዲግሪ ሳትፈልጉ አንድ ኮርስ ብቻ መውሰድም ትችላላችሁ። ሙሉውን የጨረሰ ወደ 60 ክሬዲት ይዞ አሶሼት የሚባለውን የሁለት ዓመት ዲግሪ ያገኛል፣ ከዚያ ወደ አራት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሊገባ ይችላል።

የሸክላ ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ 3 ክሬዲት ነው፣ ግን በክሬዲቱ አትሸወዱ። እጅ የሚነካው ኮርስ ስለሆነ ሰዓቱ ከተራ ኮርስ ይበዛል። የእሷ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየቀኑ ሦስት ሰዓት ነበር። በ16 ሳምንት አባዙት፣ 96 ሰዓት ይመጣል። ወርክሾፑ ክፍት የሚሆንባቸው ተጨማሪ ሰዓቶች ካሉ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። እነዚህን ሰዓቶች ከመመዝገብ በፊት ጠይቁ፣ ልዩነቱ ያለው እዚያ ነው።

የሚጀምረው በእጅ ነው። ጭቃ በአውራ ጣት መቦርቦር፣ ጭቃን እንደ ገመድ አድቦልቡሎ መደራረብ፣ እንደ ሊጥ ዳምጦ መገጣጠም። የድርብርቡን ቪዲዮ ስትልክልኝ ሳቅሁ፣ አዴ የሚያደርጉት ነገር ነዋ! ከዚያ መንኮራኩሩ ይመጣል፣ በኤሌክትሪክ የሚዞረው። ጭቃውን መንኮራኩሩ ላይ መሀል ማስያዝ ብቻ ሳምንታት ይፈጃል። ቅርጻ ቅርጽ ላይ ደግሞ በሽቦና በብረት አጽም ሠርቶ ጭቃ ማልበስ፣ የሰው ራስ መቅረጽ፣ በጀሶ ቅርጹን ገልብጦ መውሰድ፣ አንዳንድ ቦታ ብየዳና ነሐስ ማቅለጥ አለ። ሁሉም ኮሌጅ ግን ሁሉም የለውም። ድረ ገጻቸው ላይ "ቅርጻ ቅርጽ" ተጽፎ ስትሄዱ አንድ ጠረጴዛና ጭቃ ብቻ ልታገኙ ትችላላችሁ።

እሳቱስ? እሳቱ ብዙ ነው፣ ችግሩ ግን በእናንተ እጅ አለመሆኑ ነው። የጀማሪ ተማሪ ሥራውን መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል። የወርክሾፑ ባለሙያ ምድጃው ውስጥ ይደረድረዋል፣ ይተኩሰዋል፣ ተማሪው በሳምንቱ መጥቶ ያነሳል። መጀመሪያ 1000 ዲግሪ አካባቢ ይተኮሳል፣ ከዚያ ግሌዝ ይነከርና ሁለተኛ ይገባል፣ እንደ ጭቃው 1220 ወይም 1300 ገደማ። ልኩን የሚያውቁት በምድጃው መለኪያ ብቻ ሳይሆን ኮን በምትባል ትንሽ የሸክላ ሾጣጣ ነው፤ የታሰበው ሙቀት ሲደርስ አንገቷን ትደፋለች። ድንቅ ነገር ነው። ግን የአክስቴ ልጅ በሁለት ዓመት ውስጥ ምድጃ ራሷ የጫነችው አራት ጊዜ ነው፣ እሱንም ለምና። ስለዚህ ዲቪዋ፣ አንቺን ነው፣ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ባለሙያውን ቅረቢና "ሲጫን ልርዳ" በይ። ብዙ ቦታ የተማሪ ረዳት ይቀጥራሉ። በሰዓት እየተከፈለሽ እሳት የምትማሪበት መንገድ ይሄ ነው።

ገንዘቡ ላይ ሰው የሚወድቀው በአንድ ነገር ነው። ክፍያው የአካባቢው ነዋሪ ለሆነና ላልሆነ እጅግ ይለያያል፣ ብዙ ስቴት ነዋሪ ለመባል አንድ ዓመት መኖርን ይጠይቃል። በደረሳችሁ በሳምንቱ ሮጣችሁ ብትመዘገቡ እንደ ውጪ ሰው ልትከፍሉ ትችላላችሁ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለፌዴራሉ የትምህርት ድጎማ ማመልከት ይችላል፣ ፔል ግራንት የሚሉት የማይመለስ ገንዘብ ነው፣ ለአንድ የትርፍ ጊዜ ኮርስ ሳይሆን ዲግሪ ወይም ሰርተፍኬት ለሚከታተል። በተማሪ ቪዛ የሚሄድ ግን ድጎማው የለውም፣ በሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት የመያዝ ግዴታም አለበት፤ ሸክላ ብቻ እየተማርኩ ልኑር አይሠራም። ከክፍያው ላይ የጭቃና የመተኮሻ ተብሎ የሚጨመርም አለ። ሌላው፣ እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ቦታዎች አንድን ኮርስ ካለፋችሁት ደጋግሞ መውሰድን ገድበዋል፣ ስለዚህ አንደኛ ደረጃውን በጥድፊያ አትጨርሱት። ክሬዲቱ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲሻገርም ሸክላው እንደ ዋና ኮርስ ነው ወይስ እንደ ምርጫ የሚቆጠረው የሚለውን የኮሌጁን አማካሪ አስጽፉ፣ በቃል አትመኑ።

አሁን የጀበናዋን ነገር ላውጋችሁ። ያለፈው ዓመት የአክስቴ ልጅ ስትመጣ ራሷ የሠራችውን ጀበና ይዛ መጣች። አረንጓዴ፣ እንደ ሐይቅ የጠለቀ ግሌዝ፣ አንገቱ ቀጥ ያለ፣ ጆሮው የሚያምር። በሰባት ልብስ ጠቅልላ ነው ያመጣችው። ሳቢያን ቤት ተቀምጠን ዕጣኑ ጨሰ፣ ቡናው ተቆላ፣ ጀበናዋ ከሰል ላይ ወጣች። ውኃው ገና ሳይንተከተክ ጧ! ከሥር እስከ አንገት። አክስቴ "ኧረ ልጄን!" ብላ ተነሳች፣ እኛ ሳቅና ልቅሶ ተደባለቀብን።

ምክንያቱ ግን የልጅቷ ስንፍና አይደለም። በ1220 የተተኮሰ ጭቃ ይጠነክራል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ውኃ አያሳልፍም። ለስኒና ለሳህን የሚፈለገውም ያ ነው። ግን ሥሩ ብቻ በፍም ሲግል አንዱ ጎን ይለጠጣል፣ ሌላው ቀዝቅዞ ይቀራል፣ የሚተነፍስበት ቀዳዳ ስለሌለው ይሰነጠቃል። የአዴ ጀበና ሸካራ፣ በገልና በአሸዋ የተሞላ፣ ዝቅ ባለ ሙቀት የተተኮሰ ስለሆነ ነው ከሰሉን ዕድሜ ልኩን የሚችለው። አንዱ ከሌላው ይበልጣል ለማለት አይደለም። ለምን እንደሚሠራ ካላወቃችሁ ጥሩ ትምህርትም ጀበና ያስሰብራል ነው የምለው። ስብርባሪውን ለአዴ ወሰድኩላቸው፣ ለገል ይሆናል ብዬ። በድንጋይ ሞከሩት፣ አገላብጠው አዩት፣ "ይሄ አይወቀጥም፣ ውሰጂው" አሉኝ።

አዲስ አበባ

ለአሥራ ሁለተኛው ልጅ። ዲግሪ ከተፈለገ፣ ቤተሰብም እንዲሰማ ከተፈለገ፣ "አለ" የሚባለው የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት አለ። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት ነው፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው፣ ቅርጻ ቅርጽ የራሱ ክፍል አለው። ቀራፂው በቀለ መኮንን ያስተማሩት እዚያ ነው። የመግቢያ ፈተና አለው፣ ፈተናው ደግሞ በእጅ መሣል ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ እርሳስ ያዝ። ጀበና፣ ጫማ፣ የእናትህን እጅ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር የተቀመጡ ሰዎችን ሣል፣ በቀን አንድ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከዚህ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ እነሱ ማንንም አስገብተው ያስተምራሉ፣ አዲስ አበባ ላይ መጀመሪያ ማሣየት አለብህ።

የምታተርፈው ጓደኛና ከተማ ነው። ስድስት ኪሎ የካቲት 12 ሐውልት ሥር ቆመህ የነሐሱን ምስል በዓይንህ መዳሰስ ትችላለህ፤ አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች የተባሉ የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች የሠሩት ነው። በፎቶ የማይታይ ነገር አለው፣ ጥልቀቱ ስንት እንደሆነ፣ ጥላው የት እንደሚወድቅ። ጭቃ ላይ ግን ብዙ አትጠብቅ፤ ቅርጻ ቅርጽ ሲባል ብረቱ፣ እንጨቱ፣ ጀሶው፣ ሐሳቡ ይበዛል። ሸክላውን ራስህ ትፈልገዋለህ፣ ቀጨኔ የሸክላ ሠሪ እናቶች ሰፈር አለ፣ ሂድና ተቀመጥ።

እዚሁ ድሬ

ድሬም ሐረርም የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አሉ። በደረጃ ነው የሚያስተምሩት፣ መጨረሻ ላይ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ትፈተናላችሁ። ሸክላ አለ ብላችሁ አትሂዱ፣ ሬጅስትራር ሄዳችሁ የዓመቱን የሙያ ዝርዝር እዩ። ለቅርጻ ቅርጽ ግን ብየዳና እንጨት ሥራ ወርቅ ነው። ትልቅ ቅርጽ ያለ ብረት አጽም አይቆምም፣ ብየዳ ያልቻለ ቀራፂ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ለበያጅ ሲለማመጥ ይኖራል።

ማንም የማያስበው መንገድ አንድ ልጨምር፦ ጀሶ። አዳዲሶቹን ሕንጻዎች እዩዋቸው፣ ኮርኒሱና የግድግዳ ጌጡ ሁሉ ጀሶ ነው። የጀሶ ባለሙያ ሥር ስድስት ወር በረዳትነት ብትሠሩ ቅርጽ መገልበጥን፣ ማለትም የቅርጻ ቅርጽ ትምህርት ግማሹን፣ እየተከፈላችሁ ትማራላችሁ። ጀሶ በደቂቃዎች ይጠነክራል፣ ሲጠነክር ይሞቃል። እጅ ሙሉ በሙሉ ቀብሮ መገልበጥ አይፈቀድም፣ ቆዳ ያቃጥላል። አቦ፣ ቀልድ አይደለም።

ዩቲዩብ? እሺ፣ ለቅርጽ ጥሩ ነው፣ ለእሳት አይበቃም። አንድ ልጅ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሽቦ አውጥቶ ምድጃ ልሥራ ብሎኝ ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ራሱ ሸክላ ነው፣ ሽቦው ሸክላው ላይ በተቀደደ ቦይ ውስጥ ይሄዳል፣ ሐሳቡ የመጣለት ከዚያ ነው፣ ሞኝነት አይደለም። ግን ያ ሽቦ የተመጠነው እንጀራ ለሚጋግር ሙቀት ነው፣ 1000 ዲግሪ ውስጥ አይኖርም፣ የቤታችሁ መስመርም አይችለውም። መብራቱ ደግሞ መሀል ላይ ሄደ ማለት ሥራው ግማሽ ጥሬ ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

ቤት የምትሠሩ ከሆነ አየሩንም አስቡ። ድሬ ከባሕር ወለል ወደ 1,200 ሜትር ነው፣ ሐረር ወደ 1,900፣ አንድ ሰዓት የሚኒባስ መንገድ ነው በመካከላቸው ያለው። ግን ለጭቃ ሌላ አገር ነው። ድሬ ላይ የስኒ ጆሮ ሳታጣብቁት ይደርቅባችኋል። በፌስታል ሸፍኑ፣ ጥላ ሥር አኑሩ፣ ቀስ ብሎ ይድረቅ። ጭቃ ከእርጥብነቱ እስከ ተተኮሰበት ድረስ እስከ አሥር ከመቶና ከዚያም በላይ ይኮማተራል፣ አንዱ ጎን ከቀደመ ይሰነጠቃል። ትልቅ ነገር ከሆነ እኔ ሐረር ወስጄ ነው የምሠራው።

አንድ የጤና ነገር፣ የትም ብትማሩ። ደረቅ የጭቃ አቧራ ሲሊካ አለው፣ ለዓመታት ከተተነፈሰ ሳንባን ያበላሻል። ወለሉን በመጥረጊያ አትጥረጉ፣ በእርጥብ ጨርቅ አብሱ። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ደማቅ ልባስ ያለው ዕቃ ላይም አትብሉ፣ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ይችላል።

ቀለም ካነሳን አንድ ነገር ልበል። ድሬ አጠገብ ፖርክ ኤፒክ የሚባለው ዋሻ ውስጥ ከ40 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የነበሩ ሰዎች የተጠቀሙበት 40 ኪሎ ያህል ቀይ አፈር ተገኝቷል፣ ከ4,000 በላይ ቁራጭ። ሐረር የጌይ ጋር፣ ማለትም የሐረሪ ባህላዊ ቤት፣ መደብ ዛሬም በቀይ አፈር ይቀባል። ስለዚህ ቀለም ከውጪ ካልመጣ አልሠራም አትበሉኝ።

እና ሦስታችሁ። ዲቪዋ፣ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ግቢ፣ ግን የመጀመሪያውን ዓመት ነዋሪነትሽን እየቆጠርሽ ሥሪ፣ ከመሄድሽ በፊት ደግሞ ጥቂት ሳምንት እናቶቹ ዘንድ ተቀመጪ። ክፍል ውስጥ ሁሉም ሰው ግሮግ በከረጢት ሲገዛ አንቺ ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ። አሥራ ሁለተኛው፣ አዲስ አበባን ሞክር፣ ፈተናው ካልሆነ ብየዳ ተማር፣ አካውንቲንጉንም እወቅበት፣ ሸክላ የሚሸጥ ሰው ሒሳብ ይፈልጋል። የሳቢያኗ እህቴ፣ ለአንቺ ኮሌጅም አዲስ አበባም አይመችም፤ እሑድ እሑድ ጠዋት ወደ ሐረር እናቶቹ ዘንድ ሂጂ፣ ልጆቹንም ይዘሽ፣ እነሱ ከአንቺ ቀድመው ነው የሚለምዱት።

ጊዜውን ግን አትሳቱ። በክረምት ኩበቱም ጭራሮውም እርጥብ ነው፣ አብዛኞቹ አይተኩሱም። መስከረም አጋማሽ ላይ ጭቃው ይቆፈራል፣ ጥቅምት ላይ እሳቱ ይጀመራል። ስትሄዱ ቡናና ስኳር፣ አሮጌ ልብስ፣ ቤታችሁ ያለውን ገል በሙሉ። የጎረቤትንም ጠይቁ፣ የተሰነጠቀ ምጣድ የሌለው ቤት የለም።